ልጅን ለማረስ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብልሽ። ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ ዋሽንግተን ለመድረስ መሐል ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ተጨምሮ 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ያው መንገደኛ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ወደ ቦሌ ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የሁለቱ ከተሞች ርቀት አንድ ሆኖ ሳለ፣ አራቱ ሰዓት የት ገባ?

ጥያቄው የአክስቴ ነው። አክስቴ የሰላ ድንጋይ ሰው ናቸው። ሰላ ድንጋይ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ ከደሴው አውራ ጎዳና ወደ መንዝ በኩል ገባ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዱሮው ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ልጃቸው በአንኮበርና በአንጎለላ፣ እርሳቸው በሰላ ድንጋይ ሆነው በመልእክተኛ ይጠያየቁ ነበር። እንግዲህ የእናትና የልጅ መራራቅ ለሰላ ድንጋይ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የርቀቱ መጠን ነው።

የአክስቴ ልጅ ኑሮዋ ዋሽንግተን አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ማርገዟን በስልክ ስትነግራቸው ያስከተለችው ቃል ሁለት ብቻ ነበር፤ «እማዬ፣ ነይልኝ» አለቻቸው። አክስቴም ወዲያው እኔ ዘንድ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይህ አሜሪካ የሚባለው ስንት ቀን ነው የሚያስኬደው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ቀን አለው! 17 ሰዓት ነው» አልኳቸው፤ እንደ ዐዋቂ ሆኜ።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ምጥ ያዛት ብለው ቢደውሉልኝ፣ ያን ጊዜ ብነሣ ሳትገላገል እደርሳለሁን?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ቁጥሩን ስነግራቸው ያሰብኩት አይሮፕላኑን ነበር፤ እርሳቸው የሚያሰሉት ግን ከራሳቸው ደጃፍ እስከ ልጃቸው አልጋ ያለውን ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ርቀቶች መሆናቸውን ያየሁት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አክስቴ ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከሰላ ድንጋይ ተነሡ እንበል። መኪና ተገኝቶ፣ መንገዱም ሰላም ሆኖ ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። ከዚያ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሰባና በሰማንያ ዓመት መካከል ያለ ሰው በዚያው ቀን አይሮፕላን ላይ አይወጣምና ሰኞን አዲስ አበባ ያድራሉ። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ከሩብ ለሚነሣ አይሮፕላን 1 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት አለባቸው። 17 ሰዓት ተጉዘው ሲያርፉ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ደግሞ የመኪና መንገድ አለ። የልጃቸው ደጃፍ ሲደርሱ በሰላ ድንጋይ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ሆኗል። ጠቅላላው 60 ሰዓት ነው። እኔ በድፍረት የተናገርኩት 17 ሰዓት የዚህ ሲሦ እንኳ አልሞላም።

የበኩር ልጅ ምጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለአክስቴ ጥያቄ መልሱ «አይደርሱም» የሚል ነው። ምጡን ጠብቃ የምትነሣ እናት፣ አይሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን አትደርስም። ይህንኑ ነገርኳቸውና፣ «ይሁን፤ ቀድሜ እሄዳለሁ» አሉ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ምሥጢር እንምጣ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ በአየር ቀጥታ ሲለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥታ ስንል ግን በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር አይደለም። አንድ ብርቱካን አንሺና ከወገቡ ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሁለት እንክብል ነጥብ አኑሪበት፤ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ጎን ይሁን። በነጥቦቹ መካከል ክር ወጥረሽ ብትስቢ ክሩ ወደ ብርቱካኑ አናት በኩል ጎበጥ ብሎ ይቀመጣል። ለክሩ አጭሩ መንገድ ያ ነው። ለአይሮፕላኑም እንደዚሁ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አይሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ በማቅናት በሱዳን፣ በሜዲትራኒያን ባሕርና በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ በኩል የሚዞረው መንገድ ስቶ አይደለም።

ጄት አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስለዚህ አንቺም ኪሎ ሜትሩን ለ900 አካፍለሽ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምረሽ፣ የማንኛውንም በረራ ጊዜ በግምት ልታውቂ ትችያለሽ። በዚህ ስሌት ዋሽንግተን 13 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም የመልሱ ጉዞ ነው። የመሄጃው ግን አይገጥምም። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ነፋስ ነው። አይሮፕላኖች በሚበሩበት ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ባለ ከፍታ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ከአሜሪካ ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ከእኛ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይመክተዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ይህን ለአክስቴ ያስረዳኋቸው በባቄላ ንፍሮ ነበር። ንፍሮ በቆላ ቶሎ እንደሚበስልና በደጋ እንደሚዘገይ እሳት አጠገብ የኖረች ሴት ሁሉ ታውቃለች። የደጋ አየር ስስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ውሃው በቂ ሙቀት ሳያገኝ ገና ይፈላል። ያው ስስ አየር አይሮፕላኑንም ያስቸግረዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በስስ አየር ሞተሩ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ክንፉም በቂ ድጋፍ እንዲያገኝ አይሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሣ መንገደኛውንም፣ ጭነቱንም፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ሙሉ ነዳጅም በአንድነት መሸከም ይከብደዋል። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መሐል ላይ አርፎ ይሞላል። ሮም ላይ ያረፈበት ዘመን አለ፤ ደብሊን ላይ ያረፈበትም ዘመን አለ። ደለስ ግን ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይርቅም። ከዚያ ሙሉውን ነዳጅ ይዞ ይነሣል፣ ነፋሱም ከኋላ ነው፤ ስለዚህ ያለ ማረፍ ቦሌ ይገባል።

ጉዳዩ ዱሮም የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሥራውን ሲጀምር እንዲህ ያለ ርቀት የሚያስበው አልነበረም። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ግን አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በመብረር አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አይሮፕላን ያን ያህል ርቆ በርሮ አያውቅም ነበርና ክብረ ወሰን ሆነ። ልብ በይ፤ ክብረ ወሰኑ የመጣው ወደ አገር ቤት በሚያመጣው አቅጣጫ ነው። ዛሬ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ለታቀደው አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ከሚነሡት ጥቅሞች አንዱም ይኸው ነው፤ ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።

ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ አለመለካቱንም እግረ መንገዴን ላንሣ። ከሰላ ድንጋይና ከአካባቢው የሄዱት ሴት ልጆች ሁሉ አሜሪካ አይደሉም፤ ጂዳም፣ ቤሩትም አሉ። ጂዳ ከቦሌ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የ2 ሰዓት በረራ ነው። ቤሩትም ቢሆን 2,800 ኪሎ ሜትር፣ 4 ሰዓት ያህል ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሚፈጀው ጋር ስታስተያዪው ጂዳ ጎረቤት ናት። ነገር ግን ፓስፖርቷን አሠሪዎቿ የያዙባት፣ የዕረፍት ቀን የሌላት የቤት ሠራተኛ እናቷ ብትታመም በዚያ 2 ሰዓት መምጣት አትችልም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ያን አጭር በረራ ለዓመታት ሲመኙት የኖሩ ብዙዎች ነበሩ። የአክስቴ ጎረቤት፣ «የአንቺዋ ሩቅ ብትሆንም ትጠራሻለች፤ የእኔዋ ቅርብ ናት አሉ፣ ድምጿን ከሰማሁ ግን መንፈቅ ሆነ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ወደ አክስቴ ጉዞ ልመለስ። እናትሽን ወይም አማትሽን እንዲህ ላለው መንገድ የምታሰናጂ ከሆነ ከእኛ ስሕተት የምትማሪው አለ።

በመጀመሪያ የቲኬቱ ሰዓት። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አክስቴ 22:15 የሚለው ሲነበብላቸው «ሃያ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው ሳቁ። እርሱስ ቀላል ነው፤ ማታ 4 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። አደገኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። እኔው ራሴ ከዓመታት በፊት ጓደኛዬን ስሸኝ 02:10 የሚለውን «ጠዋት 2 ሰዓት ከዐሥር» ብዬ አንብቤላት፣ ቁርስ በልተን ቦሌ ስንደርስ አይሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነበር። የማክሰኞ 02:10 ለእኛ የሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ነው። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ለእናትሽ ስጪያቸው።

ሌላው የሰዓት ልዩነት ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል። አይሮፕላኑ ማታ 4 ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ደረሰ ሲባል ዐሥር ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስላል። የአክስቴ ታላቅ ወንድም ይህን አምነው በዐሥረኛው ሰዓት ስልክ ጠበቁ። ሲቀርባቸውም ለቅሶ ቀረሽ ሆነው አደሩ፤ ጎረቤቱንም አስጨነቁ። ያን ጊዜ አክስቴ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። በሽታው በሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት በጠዋትና በማታ ብርሃን ከተመራች ቁጥሩ ይዛባባታል፤ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነች ከጉዞው በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

አክስቴ እጅግ የፈሩት «ሰማይ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል» ብለው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ላጫውትሽ። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ታምቆ የሚሞላ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሰው 10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ አይሰማውም። ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ቦይንግ 787 በሚባለው ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አስቢ። ስለዚህ የደጋ ሰው አይሮፕላን ውስጥ ሲገባ፣ ለሳንባው ወደ ቆላ እንደ መውረድ ነው። ይህን ስነግራቸው ዕድሜ ልካቸውን ከአይሮፕላን በላይ የኖሩ መሆናቸው በጣም አስደሰታቸው፤ ለሰላ ድንጋይ ሰው ሁሉ ተናግረዋል።

ሊፈራ የሚገባው እግር ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይነቃነቁ መቀመጥ በእግር ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ የሄደ እንደሆነ ለሞት ያደርሳል። ዕድሜ ለገፋ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ላደረገ፣ የእግር ደም ሥሩ ለተቆጣጠረ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስም ጭምር ሥጋቱ ይበልጣል። መድኃኒቱ በየጊዜው ተነሥቶ መተላለፊያው ላይ መራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚትን ማዘዋወር፣ ውሃ መጠጣት ነው። እናቶቻችን ግን «ሰው አላስቸግርም» ብለው ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ አይጠጡም። እባክሽ ይህን አስቀድመሽ ምከሪያቸው። መቀመጫቸውንም በመተላለፊያው በኩል አስይዢላቸው። ወቅቱ ጾም ከሆነ የጾም ምግብ አስቀድሞ ካልታዘዘ ወተትና ሥጋ ይቀርብላቸውና ጦማቸውን ይውላሉ።

ቋንቋ ለማያውቁ እናቶች የሚበጅ አንድ ብልሃት አለ። ቲኬት ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ እንዲመዘገብላቸው ማድረግ ነው። አክስቴ በመጀመሪያ «ሽባ ነኝ ወይ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ነገሩ ለእግር ብቻ አይደለም፤ ከአይሮፕላኑ ደጃፍ ተቀብሎ እስከ መውጫው የሚያደርስ ሰው ይመደብላቸዋል። በተረፈ የልጃቸውን ስምና ስልክ በእንግሊዝኛ የያዘ ወረቀት አንገታቸው ላይ አንጠለጠልንላቸው። መሐል ላይ ሲያርፍም እንዳይወርዱ፣ ያ ገና መንገድ መሆኑን ደጋግመን ነገርናቸው። የገንፎ ዱቄትና በሶ ይዘዋል፤ ቋንጣውን ግን አስቀረን፤ ሥጋ አሜሪካ አይገባምና። የያዙትን ምግብ ሁሉ ሲጠየቁ መናገር አለባቸው፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

እንግዲህ የተሳሳትነው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሐኪሙ ከነገራት የመውለጃ ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድመን ቲኬት ቆረጥን፤ ይበቃል ብለን ነበር። ሐኪም የሚሰጠው ቀን ግን ግምት ነው፤ በ37ኛው ሳምንት የሚወለድም፣ እስከ 42ኛው የሚቆይም አለ። ማክሰኞ ማታ አክስቴ ከቦሌ እንደ ተነሡ ልጃቸውን ምጥ ያዛት። አክስቴ ነዳጅ በሚሞላበት ቦታ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ልጅቷ ሆስፒታል ገባች። አይሮፕላኑ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳለ ሴት ልጅ ተወለደች። ደለስ ላይ አማቻቸው አበባ ይዞ ሲቀበላቸው ፊቱን አይተው ዐወቁ። «ዘገየሁ ኣ?» ነበር ያሉት።

በሆስፒታል የቆየችው ሁለት ሌሊት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የጀመረው። አማቻቸው ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በዚያ አገር ጎረቤት ገንፎ ይዞ አይመጣም። ለአራሷ አጥሚቱን ያፈሉላት፣ ሕፃኗን እያጠቡ ያስተኙላት፣ ሌሊት ጡት ስታጠባ አብረው የሚነቁላት አክስቴ ሆኑ። «ለምጡ ዘግይቼ ለአርባው ቀን ደረስኩ» ይላሉ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል፣ ምጡን ለሐኪሞች ትቼ አርባውን ቀን እመርጥ ነበር። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ አይስማሙም።

አራት ወር ተቀምጠው ተመለሱ። ቦሌ ስቀበላቸው ከሰላምታው አስቀድመው የጠየቁኝ «መንገዱ ምነው አጠረ?» የሚል ነበር። ነፋሱን ነገርኳቸው፣ ባቄላውን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንዲህ ከሆነማ ለሷ ወደ እኔ መምጣት ይቀላል፣ ለእኔ ወደ እሷ መሄድ ይከብዳል ማለት ነዋ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መኪናው ሄዱ።

ባለፈው ወር እንደገና ደወሉልኝ። ልጃቸው ሁለተኛ ፀንሳለች። በዚህ ጊዜ ስንት ሰዓት ነው ብለው አልጠየቁኝም። የመውለጃዋን ቀን በግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ አክብበው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ስድስት ሳምንት ቆጥረው፣ የሰላ ድንጋዩን መኪና የሚያዙበትን ሰኞ ምልክት አድርገውበታል።